«መስት» ከማን ጋር ነው የሚሄደው? ከጅማ የተከፈተ ክር

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የመክፈቻው ጽሑፌ ጥያቄም አቤቱታም ነበር። ሞዳል ቨርብ (ከዋናው ግሥ ፊት ቆመው ችሎታን፣ ፈቃድን፣ ግዴታን ወይም ግምትን የሚያሳዩ ረዳት ግሦች) የምናስተምርበት መንገድ ልጆቹን እየጎዳቸው ነው አልኩ። ሰሌዳ ላይ ዘጠኙን እንደረድራቸዋለን፤ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድ፣ መስት። ከእያንዳንዳቸው ፊት አንድ ትርጉም እንጽፋለን። ካን ችሎታ፣ ሜይ ፈቃድ፣ መስት ግዴታ። ልጆቹ ይሸመድዳሉ። ከዚያ «ሺ መስት ሃቭ ሌፍት» የሚል ዓረፍተ ነገር ያጋጥማቸዋል። መስት ግዴታ ነው ተብለዋልና መሄድ ነበረባት ብለው ይተረጉሙታል። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ግን ሳትሄድ አትቀርም ነው። ግዴታ የሚባል ነገር የለበትም። ተናጋሪው ካየው ነገር ተነስቶ እየገመተ ነው።

ስለዚህ አቋሜን እንዲህ አስቀመጥኩ። ሞዳል ለብቻው ቆሞ ሙሉ ትርጉም አይሰጥም። ትርጉሙን የሚወስኑት አብረውት የሚሄዱት ናቸው፤ ከኋላው የሚመጣው ግሥ፣ «ሃቭ»፣ «ኖት»፣ እንደ «ፕሮባብሊ» ያሉት ተውሳከ ግሦች። ማስተማር ያለብን ከነጓደኞቻቸው ነው። እናንተስ እንዴት ተማራችሁ፣ እንዴትስ ታስተምራላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ በዛ። ብዙ ሰው ክሩን ከመሃል ስለሚያገኘው፣ ከላይ እስከ ታች የተባለውን እዚህ ላስቀምጥ።

መልስ 1 የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ፣ ምርቃትም ጨመሩበት። በሐሳቡ ተስማምተዋል። ግን ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይቅደም አሉ። ከሞዳል ቀጥሎ ያለው ግሥ ምንም ሳይጨመርበት፣ ምንም ሳይቀየር ነው የሚመጣው። «ቱ» የለም። የ«ኤስ» ቅጥያ የለም። የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ የለም። «መስት ቱ ጎ»፣ «ሹድ ዌንት»፣ «ካን ጎይንግ» ሦስቱም ስህተት ናቸው። ይህ ሳይያዝ ስለ ትርጉም ማውራት መሠረት ሳይጣል ጣራ መምታት ነው ብለዋል። እውነታቸውን ነው።

መልስ 2 ከአጋሮ የጻፈች መምህርት ናት። «ሂ ካንስ» የሚለው ስህተት ከየት እንደሚመጣ አስረዳች። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ መቻል እንደማንኛውም ግሥ በሰው ይረባል። እችላለሁ፣ ትችያለሽ፣ ይችላል እንላለን። ልጁ ወደ እንግሊዝኛው የሚገባው ይህን ይዞ ነው። «ኤስ» የሚጨምረው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ደንብ ስለሚያውቅ ነው አለች። ይህን የመሰለ መምህር ያለው ልጅ እጁን ለማውጣት አይፈራም።

በመልስ 3 በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ የሚያጠና ወጣት ታሪኩን አመጣ። እነዚህ ቃላት በጥንታዊው እንግሊዝኛ ራሳቸውን የቻሉ ግሦች ነበሩ። ካን ማወቅ ማለት ነበር፤ ዊል ደግሞ መፈለግ። አብዛኞቹ የአሁን ጊዜ ቅርጻቸው ጥንት የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ነበር። በሦስተኛ መደብ «ኤስ» የማይወስዱት ለዚህ ነው። ኩድ ሲጻፍ መሃሉ ላይ ያለችው የማትነበብ «ኤል» ደግሞ ሹድን እና ዉድን ለመምሰል በኋላ የገባች ናት። ለተማሪ ሁሉ የሚያስፈልግ እውቀት ላይሆን ይችላል። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ግን መልስ ይሆነዋል።

መልስ 4 አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ካን ቢ ኤብል ቱ» ብሎ በጻፈ ቁጥር መምህሩ ለምን ቀይ እንደሚያሰምርበት ጠየቀ። መልስ 5 በትሕትና አብራራለት። ካን እና ኤብል ቱ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ሁለቱን ማምጣት መደጋገም ነው። «ዊል ቢ ኤብል ቱ» ግን ትክክል ነው። ዊል ከኋላው ካንን መውሰድ አይችልም፤ ሁለት ሞዳል ጎን ለጎን አይቆምም። ኤብል ቱ የሚጠራው ያንን ክፍተት ሊሞላ ነው።

መልስ 6 ጥሩ እርማት አከለ። ኩድ እና «ዋዝ ኤብል ቱ» ሁልጊዜ አይለዋወጡም አለ። ልጅ እያለሁ በፍጥነት መሮጥ እችል ነበር ለማለት ኩድ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ሮጬ የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ደረስኩበት ለማለት ግን ኩድ አይሆንም፤ «ዋዝ ኤብል ቱ» ነው። አንድ ጊዜ የተሳካ ድርጊት ነውና። አሉታ ሲገባበት ልዩነቱ ይጠፋል። አልደረስኩበትም ለማለት «ኩድንት ካች» ቢባል ምንም ችግር የለውም። ይህን ነጥብ ብዙ መምህር ይዘለዋል፤ ፈተና ላይ ግን ይመጣል።

መልስ 7 ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፈችው ነርስ ናት። ከዚህ በፊት በሠራችበት ቦታ አንድ ልምምድ ላይ ያለ ባለሙያ ከቀዶ ሕክምና በፊት ለሚዘጋጅ በሽተኛ ማስታወሻ ጻፈ። መጻፍ የፈለገው ምንም እንዳይበላ ነው። የጻፈው ግን «ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ ኢት» ነው። መብላት የለበትም የሚለውን ቃል በቃል አምጥቶታል። እንግሊዝኛው የሚለው ካልፈለገ ላይበላ ይችላል፣ ግዴታ የለበትም ነው። ጎኗ የነበረች ባልደረባ አይታው «መስት ኖት ኢት» ብላ አረመችው።

ነርሷ የሰጠችው ማብራሪያ እኔ ክፍል ውስጥ ከምሰጠው የጠራ ነው። «መስት» እና «ሃቭ ቱ» አዎንታ ላይ ተቀራራቢ ናቸው። «ኖት» ስትገባ ግን መንገዳቸው ይለያያል። በ«መስት ኖት» ውስጥ አሉታው የሚያርፈው ድርጊቱ ላይ ነው፤ አለመብላት ግዴታ ነው። በ«ዶንት ሃቭ ቱ» ውስጥ ግን አሉታው የሚያርፈው ግዴታው ላይ ነው፤ ግዴታው የለም። እነዚህን ሁለት አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሳያሳዩ ልጅን ወደ ጤና ሳይንስ ትምህርት መላክ አደጋ አለው። ይህን ስል ከልቤ ነው።

መልስ 8 የመድኃኒት ወረቀት ላይ ስላለው ሜይ ጠየቃት። በመልስ 9 በአጭሩ መለሰች። «ሜይ ኮዝ» ሲል መድኃኒቱ ያንን ሊያስከትል ይችላል ማለት ነው፤ ፈቃድ አይደለም። «ሹድ ኖት ቢ ቴከን» ሲል ደግሞ መወሰድ የለበትም ነው፤ ከሹድ በኋላ «ኖት»፣ ከዚያ «ቢ»፣ ከዚያ «ቴከን»። ሥርዓቱን ጠብቆ።

መልስ 10 አስጎብኚ ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ወደሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንግዶች ይወስዳል። ንጉሡ ለምኒልክ ግብር መክፈል ነበረበት ለማለት ለረጅም ጊዜ «መስት ሃቭ ፔይድ» ይል ነበር። መስትን ወደ ኃላፊ ጊዜ የወሰደው መስሎት ነው። አንዲት ጎብኚ ታዲያ መክፈሉ በእርግጠኝነት አይታወቅም እንዴ ብላ ጠየቀችው። ግራ ገባው። በኋላ ነው የገባው፤ «መስት ሃቭ ፔይድ» ከፍሎ መሆን አለበት የሚል ግምት ነው። ግዴታ ነበረበት ለማለት «ሃድ ቱ ፔይ» ነው የሚባለው።

መልስ 11 ታሪክ የሚወድ ሰው ነው፤ አስጎብኚውን ደግፎ ምሳሌውን አሰፋው። ዳግማዊ አባ ጅፋር የምኒልክን የበላይነት ተቀብሎ ግብር ከፈለ። በምላሹም የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ቆየ፤ በ1932 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ። ስለዚህ «ሹድ ሃቭ ፔይድ» ካልን ታሪክ አጣመምን አለ፤ መክፈል ሲገባው አልከፈለም ማለት ይሆናል። «ኩድ ሃቭ ፎውት» ብንል ግን እውነት ነው። መዋጋት ይችል ነበር፣ አልተዋጋም። ሦስት ሞዳል፣ አንድ «ሃቭ»፣ ሦስት የተለያየ ታሪክ። ለጅማ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

መልስ 12 አንድ ትዝብት ጣለ። እኛም «መሆን አለበት» ስንል እኮ ግዴታም ግምትም እንላለን አለ። እንግሊዝኛው ብቻ የተለየ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለልጆቹ ይህን ብንነግራቸው ይቀላቸዋል። ትክክል ነው።

እስከዚህ ድረስ ክሩ የሰላም ነበር። መልስ 13 አደፈረሰው። ይህ ሁሉ ጊዜ ለተረፈው ሰው ነው አለ። ቋንቋ በመስማት ነው የሚለመደው፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው «ኩድ ኦፍ» እያሉ ይጽፋሉ፣ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው የምትጨነቁት አለ። መልስ 14 ቀዝቀዝ ብሎ ግን ጠንከር አድርጎ መለሰለት። «ኩድ ኦፍ» የሚጻፈው «ኩድ ሃቭ» ሲያጥር አነባበቡ ከ«ኦፍ» ጋር ስለሚመሳሰል ነው። የአጻጻፍ ግድፈት እንጂ የሰዋስው ለውጥ አይደለም። የሚጽፈው ሰው ሲናገር ቦታውን አይስትም። የኛ ልጅ ግን ቦታውንም ነው የሚስተው። መስማት ጥሩ ነው፤ እቤቱ እንግሊዝኛ የማይሰማ ልጅ ከየት ይስማ?

መልስ 15 ከአሜሪካ፣ ከአትላንታ ነው። ሁለት ሞዳል ጎን ለጎን አይቆምም የሚለውን መልስ 5ን ጠቅሶ፣ እሱ ባለበት የደቡብ አካባቢ ሽማግሌዎች «ማይት ኩድ» ሲሉ በጆሮው እንደሚሰማ ጻፈ። ምናልባት እችል ይሆናል ለማለት ነው። ስኮትላንድ ውስጥም ተመሳሳይ አነጋገር አለ። ይህ የአካባቢ አነጋገር እንጂ ስህተት አይደለም፣ ግን ፈተና ላይ አትጻፉት ብሎ መከረ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

መልስ 16 የቡና ነጋዴ ናቸው። ለእሳቸው ጉዳዩ የገንዘብ ነው። ከውጭ ገዢ ጋር በሚፈርሙት ውል ውስጥ ሻል እና ሜይ ተቀላቅለው ይመጣሉ። ሻጩ «ሻል ዴሊቨር» ሲል ማድረስ ግዴታው ነው። ገዢው «ሜይ ሪጀክት» ሲል ደግሞ አልቀበልም የማለት መብት አለው ማለት ነው። ሜይን ምናልባት ብሎ የተረጎመላቸው ሰው ነበር፤ አንቀጹን ቀላል አድርገው አይተውት ሊፈርሙ ነበር። ዕድሜ ለጠበቃቸው። ሜይ ከጎኑ ያለው ሰውና ግሥ ሲቀየር ከግምት ወደ መብት እንደሚሻገር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

መልስ 17 ሻል የሞተ ቃል ነው፣ ማንም አይጠቀምበትም ብሎ ደመደመ። መልስ 18 ደግሞ ውል አንብቦ የማያውቅ ሰው አይፍረድ አለው። ሁለቱም ድምፃቸው ከፍ አለ። እውነቱ መሃል ላይ ነው። በተራ ንግግር ሻል ቀንሷል፤ «ሻል አይ ኦፕን» ብሎ ልክፈት ወይ ለማለት ግን አሁንም ይነገራል። በሕግ ጽሑፍም አሻሚ ነው ብለው የሚርቁት አሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች በ2007 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲጻፉ ሻል ወጥቶ በአብዛኛው በመስት ተተክቷል። ውሎች ግን ዛሬም በሻል የተሞሉ ናቸው። ነጋዴው የሚያነቡትን ማወቅ አለባቸው።

ከመልስ 19 እስከ 21 ከርዕስ ወጣን። የቡና ነጋዴውን ያየ ሰው የዘንድሮን ዋጋ ጠየቀ። ሌላው ዝናቡ ስለበዛ ማድረቅ አልተቻለም አለ። ሦስተኛው ሄርማታ አካባቢ መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ።

መልስ 22 መረር ያለ ነበር። ጥር 2015 የወጣውን የ12ኛ ክፍል ውጤት አነሳ። ከተፈታኞቹ 50 ከመቶ እና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ አስታወሰ። መምህሩ ራሱ እንግሊዝኛ ካልቻለ ልጁ ከየት ያምጣ፣ እናንተ ስለ ሜይ እና ስለ ማይት ስትከራከሩ ትውልድ አለቀ ብሎ ጻፈ። መልስ 23 ከገጠር ወረዳ የጻፈ መምህር ነው። ሲጽፍ እጁ ሲንቀጠቀጥ የታየኝ ያህል ነበር። ክፍሉ በልጅ ጢም ብሎ የሞላ ነው፤ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ነው። ደብተር መግዛት ያልቻለ ልጅ ከፊቱ ተቀምጧል። ከከተማ ሆኖ መምህር አይችልም ማለት ይቀላል፣ መጥተህ አንድ ሳምንት አስተምር አለው።

እዚህ ጋ ገባሁ። መልስ 24 የእኔ ነው። ውጤቱ የሁላችንም ሕመም ነው፣ ግን ስድብ አንድም ልጅ አያሳልፍም አልኩ። የገጠሩን መምህር በስሜት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንርዳው፤ መጽሐፍ በሌለበት ክፍል በጠመኔ ብቻ የሚሠራ ትምህርት ካላችሁ አምጡ ብዬ ጠየቅኩ። መልስ 22 የጻፈው ሰው ይቅርታ አልጠየቀም። ጥያቄዬ ግን ሰው አገኘ።

መልስ 25 የዩኒቨርሲቲው ወጣት እንደገና ነው። ሰሌዳ ላይ የሚሠራ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሰጠ፤ «ዘ ኮፊ ሜይ ሃቭ ቢን ቢኢንግ ድራይድ»። ቡናው ያን ጊዜ እየደረቀ ሊሆን ይችላል ለማለት ነው። እንዲህ የረዘመ ሰንሰለት በንግግር ብዙ አይሰማም። ለማስተማር ግን ሁሉንም ይዟል። እያንዳንዱ ቃል የሚቀጥለውን ቅርጽ ያዝዛል። ሜይ ከኋላው ያለውን «ሃቭ» ሳይለወጥ ይወስዳል፤ «ሃዝ» ወይም «ሃድ» አይሆንም። «ሃቭ» ቀጣዩን ሦስተኛ ቅርጽ (ከ«ቴክ»፣ «ቱክ» ቀጥሎ «ቴከን» እንደሚባለው) ያደርገዋል፤ ስለዚህ «ቢን»። «ቢን» ቀጣዩን «ኢንግ» ያስጨምረዋል፤ ስለዚህ «ቢኢንግ»። የመጨረሻው «ቢኢንግ» ድርጊት ተቀባይነትን ስለሚያመለክት «ድራይድ» ሦስተኛ ቅርጽ ሆነ። ከመሃል አንዱን ወይም ሁለቱን ብታወጣ ቀሪው ቦታውን አይለቅም፤ የሚለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው። «ሜይ ቢ ድራይድ»፣ «ሜይ ሃቭ ድራይድ»፣ «ሜይ ቢ ድራይንግ»። የቋንቋ ሊቁ ኖም ቾምስኪ በ1957 እ.ኤ.አ. የሞዳልን፣ የ«ሃቭ»ን እና የ«ቢ»ን ቅደም ተከተል በአንድ አጭር ቀመር እንዳስቀመጠም ጠቀሰ። የገጠሩ መምህር በመልስ 26 አመሰገነ፤ ቃላቱን ካርቶን ላይ ጽፎ ለአምስት ልጆች በማደል በቅደም ተከተል እንዲቆሙ እንደሚያደርግ ነገረን። ከክሩ ሁሉ የተደሰትኩት በዚህ ነው።

መልስ 27 ወደ ተውሳከ ግሦቹ ወሰደን። የአጋሮዋ መምህርት ናት። «ሹርሊ» (በእርግጥ) ከመስት ጋር፣ «ፖሲብሊ» (ምናልባት) ከሜይ እና ከኩድ ጋር፣ «ፕሮባብሊ» (ሳይሆን አይቀርም) ከዊል ጋር መሄድ ይወዳሉ አለች። የእርግጠኝነታቸው መጠን ስለሚገጥም ነው። እኛም ምናልባትን ከይሆናል ጋር እንጂ ከግድ ጋር አናጣምርም። ቦታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሞዳሉ በኋላ፣ ከዋናው ግሥ በፊት ነው። «ዊል ፕሮባብሊ ኮም» እንጂ «ዊል ኮም ፕሮባብሊ» ማለት አይመከርም። «ሜይ ዌል» ደግሞ ግምቱን ያጠነክራል። «ካን ሃርድሊ» (በጭንቅ እንጂ አይችልም ለማለት) ሲመጣ ኖት ባይኖርም ዓረፍተ ነገሩ አሉታ ነው፤ ተማሪ በተደጋጋሚ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኸው ነው።

መልስ 28 ስለ ጆሮ ነው። አስጎብኚው ተመልሶ መጣ። ጎብኚዎች ካን ሲሉ እና «ካንት» ሲሉ መለየት ይከብደኛል አለ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» አትሰማም። መልስ 29 ጥሩ ዘዴ ሰጠው። የመጨረሻዋን ድምፅ አትጠብቅ፤ ጉልበቱ የት እንዳረፈ አዳምጥ። አዎንታ ሲሆን ካን ተድጦ «ክን» ይመስላል፤ ጉልበቱ የሚያርፈው ቀጥሎ ባለው ግሥ ላይ ነው። አሉታ ሲሆን «ካንት» ራሱ ጎልቶ ይሰማል።

መልስ 30 የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥያቄዋ ስለታም ነበር። ሰውዬው አልመጣም ይሆናል ለማለት «ሜይ ኖት ሃቭ ኮም» ነው ወይስ «ካንት ሃቭ ኮም»? መልስ 31 ሁለቱንም ለየላት። ሜይ ከሆነ አለመምጣቱ አንድ ዕድል ነው፤ ካንት ከሆነ ግን መጥቷል ብሎ ማመን አይቻልም ማለት ነው። «ኖት» ሁለቱም ላይ የቆመችው ከሞዳሉ ቀጥሎ፣ ከ«ሃቭ» በፊት ነው፤ ያንን ቦታዋን አትለቅም። ታዲያ «መስት ኖት ሃቭ ኮም» አይባልም ወይ ብላ መለሰች። የአትላንታው ሰው አሜሪካኖች ያለ ችግር ይሉታል፣ አልመጣም መሆን አለበት ለማለት ነው አለ። ጡረታ የወጡት መምህር ደግሞ እኛ የተማርነው በእንግሊዞቹ ልማድ ስለሆነ «ካንት ሃቭ» ነው የምንለው አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው አልኳት። ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ አንዱን ይዘሽ ከጀመርሽ እሱኑ ይዘሽ ጨርሺ።

የመጨረሻው፣ መልስ 33፣ ስለ «ኒድ» እና ስለ «ዴር» ነው። አንዳንዴ እንደ ሞዳል ያለ «ቱ» ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ተራ ግሥ «ቱ» ይወስዳሉ፤ እነሱስ ብሎ ጠየቀ። ይህ የራሱ ክር ያስፈልገዋል፣ አንተው ክፈተው አልኩት። ከፍቶታል፤ ከዚህ ክር በታች ታገኙታላችሁ።